ካምቢዮ ቤት ውስጥ ለማውረድ ምን ዓይነት ክሪክ ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፍሪሲዮን ያለቀበት፣ ማርሽ አልገባ ያለው፣ አውቶማቲኩ መንሸራተት የጀመረበት ሰው ሁሉ መጨረሻው አንድ ነው፤ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት። የጋራዡን ዋጋ ሲሰማ ደግሞ «ራሴ ባወርደውስ?» ይላል። መፍቻው ብዙ ሰው ቤት አለ። ጊዜም ይገኛል። ሰውን የሚያስጨንቀው ክሪኩ ነው። በብዛት የሚነሱትን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። አዲስ አበባ ግቢው ውስጥ ለሚሠራም፣ አሜሪካ ቤቱ ደጃፍ ላይ ለሚሠራም እንዲሆን አድርጌ ነው የጻፍኩት።

ክሪክ ስገዛ መጀመሪያ የማየው ምንድን ነው? ስንት ቶን እንደሚያነሳ?

አይደለም። ቶን መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። ለካምቢዮ ተብሎ የተሠራ ክሪክ፣ ትንሹ እንኳ፣ የቤት መኪና ካምቢዮ አይከብደውም። ሰው የሚቸገረው በቁመት ነው። ክሪኩ እስከ ታች ሲወርድ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል?

በቁጥር እንየው። ዝቅ ያለው የካምቢዮ ክሪክ ጨርሶ ሲወርድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የካምቢዮው ሰፊ አፍ፣ ከሞተሩ ጋር የሚገጥመው በኩል ማለት ነው፣ ከ35 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 20 እና 40 ተደምሮ 60። ካምቢዮው ክሪኩ ላይ እንደተቀመጠ ከመኪናው ሥር እንዲወጣ፣ የመኪናው ጠርዝ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ባለ 3 ቶን ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት የብረት መቆሚያ) እስከ ጫፉ ሲሳብ ደግሞ 42 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 6 ቶኑ ነው 60 የሚደርሰው። ይህን ሳያሰላ የገባ ሰው ካምቢዮውን በሰላም አውርዶ፣ መኪናው ሥር ቁጭ ብሎ ያየዋል።

መላ አለው። ካምቢዮው ወርዶ ካለቀ በኋላ ከክሪኩ ላይ ወደ ጎን አንሸራታችሁ ወፍራም ካርቶን ወይም ላሜራ ላይ ታሳርፉታላችሁ። መጀመሪያ ክሪኩ ይወጣል። ቀጥሎ ካምቢዮው በካርቶኑ እየተጎተተ ይወጣል። ሲመለስም መንገዱ ይኸው ነው። ግን መኪና ሥር ተጋድሞ 70 ኪሎ ብረት መልሶ ክሪክ ላይ መጫን እንደ አወራሩ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ ሜትር ይዛችሁ ግቡ። ክሪኩን እስከ ታች አስወርዱና ካምቢዮው የሚያርፍበትን ሳህን ጨምራችሁ ለኩ። የክሪኩ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ብቻ አትመኑ።

ካምቢዮ ስንት ኪሎ ነው?

እንደ መኪናው ነው። ትንንሽ ማንዋል ካምቢዮዎች ከ30 እስከ 45 ኪሎ ባለው ውስጥ ናቸው። ለምሳሌ የፎርድ ሙስታንግ ቲ5 ማንዋል ካምቢዮ 34 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አውቶማቲክ ከዚያ ይከብዳል። ብዙ የሼቭሮሌት ፒክአፖች ላይ ያለው 4ኤል60ኢ ያለ ዘይትና ያለ ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ) እንኳ ከ65 ኪሎ ያልፋል። ኮንቨርተሩ ዘይት እንደያዘ ብቻውን ከ10 ኪሎ በላይ ይጨምራል። በትልልቆቹ የናፍጣ ፒክአፖች ላይ ይገጠም የነበረው አሊሰን 1000 ወደ 150 ኪሎ ይጠጋል። ፎር ዊል ከሆነ፣ ላንድ ክሩዘርን የመሰለ፣ ከኋላው ያለውን ተጨማሪ ማርሽ ሳጥን አብራችሁ ካወረዳችሁት 100 ኪሎ ማለፉ አይቀርም። ሁለቱን ለያይቶ ማውረድ ጊዜ ይወስዳል፤ ወገብ ግን ይተርፋል።

አሜሪካ ለምትገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ። እዚያ የሚጻፈው በፓውንድ ነው። 450 ፓውንድ ማለት 204 ኪሎ ነው። 800 ፓውንድ 363 ኪሎ፣ 1,000 ፓውንድ 454 ኪሎ። አገር ቤት የምትገዙት የቻይና ክሪክ ላይ የተጻፈው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በኪሎ ወይም በቶን ነው። «450» የሚለውን ብቻ አይቶ ሁለቱን ማምታታት ቀላል ነው።

እንግዲያው ትልቁን ብገዛ ምን ይጎዳኛል?

ይጎዳል። ባለ 1 ቶኑ የካምቢዮ ክሪክ ለጭነት መኪና ታስቦ የተሠራ ነው። ራሱ ከባድ ነው፤ ሲወርድም ከፍ ብሎ ነው የሚቆመው። ሳህኑም ሰፊ ስለሆነ በኮሮላ ጠባብ ቦታ ውስጥ አይዞርም። ለቤት መኪና ከ200 እስከ 450 ኪሎ የሚያነሳ ይበቃል።

ባለጎማ የጋራዥ ክሪክ አለኝ። እሱ አይበቃም?

ብቻውን አይበቃም። ከላይ የሚገጠም የካምቢዮ ሳህን ከተገዛለት ግን ለአንድ ጊዜ ሥራ ጥሩ አማራጭ ነው። በዋጋም ከሁሉም የሚረክሰው ይኼ ነው።

ብቻውን የማይበቃው የክሪኩ አናት ትንሽ ክብ ስለሆነች ነው። ካምቢዮ ደግሞ ከሥሩ ጠፍጣፋ አይደለም። የክብደቱ መሐልም ዓይን መሐል ነው ብሎ ከሚገምተው ቦታ ላይ አይደለም፤ ወደ ሰፊው አፍ ያደላል። ትንሿ ክብ ላይ ሲቀመጥ መዘንበል ይጀምራል። በእጅ እደግፈዋለሁ ብሎ ነው ሰው ጣቱን የሚያጣው።

ሳህኑን ስትገዙ ከሥሩ ያለው ዘንግ የክሪካችሁ አናት ሲወልቅ ከሚቀረው ቀዳዳ ጋር ልክ መሆኑን አረጋግጡ። እንደ ቆብ ከላይ ቁጭ የሚል ከሆነ አትግዙት። አራት የሚስተካከሉ ክንዶች፣ ሰንሰለት ወይም ማሰሪያ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያዘነብል ብሎን ሊኖረው ይገባል። ሳህኑ ቁመት ይጨምራል። 13 ሴንቲ ሜትር የነበረው ክሪክ ሳህኑ ሲጫንበት ከ20 ያልፋል።

ሌላም ነገር አለ። ባለጎማ ክሪክ ቀጥ ብሎ አይነሳም። ክንዱ በቅስት ነው የሚሄደው፤ ሲነሳና ሲወርድ አናቱ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይሸሻል። ጎማው እንደ ልብ የሚንከባለል ከሆነ ክሪኩ ራሱን ያስተካክላል። ጎማው ጠጠር ውስጥ ከተቀረቀረ ግን የሚሸሸው ካምቢዮው ነው። ማንዋል ከሆነ ደግሞ የፊት ዘንጉ ገና የፍሪሲዮን ዲስኩ ውስጥ እያለ ይጎተታል።

ጥሩ ጎኑን ደግሞ ልንገራችሁ። እጀታው ረጅም ነው። ከመኪናው ውጭ ቆማችሁ ማውረድ ትችላላችሁ።

ለካምቢዮ ብቻ የተሠራው ዝቅተኛው ክሪክ ከእሱ በምን ይበልጣል?

ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ ሰፊ ነው፤ አራት ጎማው በየአቅጣጫው ይዞራል። ሳህኑ በአራቱም በኩል ያዘነብላል። ቤት ውስጥ፣ መሬት ላይ ተኝቶ ለሚሠራ ሰው የተሠራው ይኼ ነው።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ በዘይት የሚሠራ ሲሆን ሌላው በብሎን ነው፤ ቁልፍ አስገብታችሁ ስታዞሩት የመቀስ እግሩ ይነሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ በየስንት ዓመቱ አንዴ ካምቢዮ ለሚያወርድ ሰው የብሎኑ ይሻላል። ቀርፋፋ ነው፤ ክንድ ያደክማል። ግን መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት ቢቀመጥ ዘይት አያፈስም፤ ጎሚኒውም (ዘይቱን የሚይዘው የጎማ ቀለበት) አይደርቅም። ካምቢዮውን ስትመልሱ ደግሞ የምትፈልጉት ሚሊ ሜትር በሚሊ ሜትር ከፍ ማለት ነው። በዚህ የዘይቱ አይደርስበትም። ብዙ የሚሠራ፣ ለሰውም የሚሠራ፣ የዘይቱን ይግዛ።

የትኛውንም ብትገዙ ማንሻው በየት በኩል እንደሆነ እዩ። አንዳንዱ ፔዳሉ በካምቢዮው ሥር ነው የሚውለው። እግር ወይም እጅ ወደ ሸክሙ ሥር የሚያስገባ ክሪክ ለቤት ሥራ አይሆንም።

ረጅሙ፣ እንደ ምሰሶ የቆመውስ? በጣም ጠንካራ ይመስላል።

ጠንካራ ነው። ግን ለእናንተ አልተሠራም። መኪናው በሊፍት ራስ በላይ ሲሰቀል ከሥሩ ቆሞ ለሚሠራ መካኒክ ነው። ሲወርድ እንኳ አንድ ሜትር ገደማ ስለሆነ ካቫሌቶ ላይ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። ግቢያችሁ ውስጥ የጋራዥ ዓይነት ጉድጓድ ካላችሁ ብቻ አስቡት፤ ያኔም የክሪኩ እግሮች ተዘርግተው ጉድጓዱ ውስጥ መግባታቸውን ለኩ።

ከመኪናው ጋር የመጣው ክሪክ ወይም አጭሩ የዘይት ክሪክ?

አይሆንም። የመጀመሪያው ጎማ ለመቀየር ነው። ሁለተኛው 10 ቶን ሊያነሳ ይችላል፤ ነገር ግን አናቱ ብር ኖት አይሸፍንም፤ ጎማም የለውም። ካምቢዮ ከሞተሩ የሚላቀቀው መጀመሪያ ቀጥታ ወደ ኋላ ተስቦ ነው፤ መውረዱ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ባለበት የሚቆም ክሪክ ወደ ኋላ እንዴት ይሄዳል? ለሌላ ነገር ግን ያገለግላል፤ ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩን ከሥር ለመደገፍ። ያኔም በክሪኩና በሞተሩ መሐል ወፍራም ሞራሌ ይግባ።

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ነው ያለኝ። ልዩነት አለው?

በጣም አለው። የፊት ጎማ የሚነዳቸው መኪናዎች ሞተራቸው በአግድም ነው የተቀመጠው። ካምቢዮውም አጠገቡ ሆኖ ዲፈረንሻሉን ሆዱ ውስጥ ይዟል። ስለዚህ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። ወደ ጎን የማያዘነብል ሳህን ላይ አይቀመጥም።

ከክሪኩ በፊት የምትገዙት ወይም የምትዋሱት ሌላ ዕቃ አለ። የሞተር ማንጠልጠያ ብረት። ኮፈኑን ከፍታችሁ በሁለቱ ፓራፋንጎዎች ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ታጋድሙታላችሁ፤ ሞተሩን በሰንሰለት ከላይ ይይዘዋል። ካምቢዮው ሲወጣ ሞተሩ አንዱን ሱፖርት ስለሚያጣ ወደዚያ ጎን ይወርዳል። ከሥር በክሪክ መደገፍ ይቻላል፤ ግን ያ ክሪክ ካምቢዮው የሚወርድበትን ቦታ ይዞባችሁ ያርፋል። ከላይ ማንጠልጠል ሥራውን ግማሽ ያቀልለዋል። ሰንሰለቱን ስታላሉ ደግሞ ሞተሩ ከካምቢዮው በኩል ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል፤ ያቺ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ናት ካምቢዮውን ከሻንሲው የምታሳልፈው።

እነዚህ መኪናዎች ፊታቸው ብቻ ቢነሳ ችግር የለውም። ሂሉክስ፣ የኋላ ጎማ የሚነዳው ሚኒባስ ወይም ላዳ ከሆነ ግን ቢቻል አራቱም እግር እኩል ይነሳ። ፊቱ ብቻ ከተነሳ ካምቢዮው ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ስትስቡት ፍጥነቱን መቆጣጠር ያቅታል።

መኪናውን ምን ላይ ላቁመው? ብሎኬት ይበቃል?

ብሎኬት በፍጹም። ሲሰበር ማስጠንቀቂያ አይሰጥም፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚፈረከሰው። ድንጋይ መደራረብም ያው ነው። ካቫሌቶ ግዙ፤ ከመኪናው በታች የሚገባ ሰው ሌላ ምርጫ የለውም። መኪናውን ያነሳችሁበት ክሪክ መኪናውን እንደያዘ አትግቡ። የዘይት ክሪክን ክብደት የያዘችው አንዲት የጎማ ቀለበት ናት።

ካቫሌቶውንም ፈትሹ። በ2020 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የሸጣቸው የፒትስበርግ ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን ካቫሌቶዎች በገፍ ወደ ሱቅ እንዲመለሱ ተጠርተው ነበር፤ መያዣ ጥርሳቸው በደንብ ላይነክስ ይችላል ተብሎ። ያገለገለ ካቫሌቶ ከሰው የምትገዙ የሞዴል ቁጥሩን ከጥሪው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። መኪናውን ካሳረፋችሁበት በኋላ በሁለት እጅ ጥሩ አድርጋችሁ ነቅንቁት። የሚወድቅ ከሆነ እናንተ ውጭ እያላችሁ ይውደቅ። የወለቀውን ጎማ ከነቸርኬው ከጎኑ ሥር አጋድሙት። ቦታ አይፈጅም፤ መጨረሻ ላይ የሕይወት ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳውን ነገር ልንገራችሁ። አውቶማቲክ መኪና «ፒ» ላይ ሲሆን መኪናውን የሚይዘው ጥርስ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው። ማንዋሉንም አንደኛ ማርሽ ላይ ማቆም የሚሠራው ካምቢዮው ከጎማው ጋር እስከተያያዘ ድረስ ነው። ሴምያሱ (ከካምቢዮው ወደ ፊት ጎማ የሚሄደው ዘንግ) ወይም ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ በወለቀ ደቂቃ መኪናው ነጻ ይሆናል። የቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። አይሱዙ ኤንፒአርና ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ላይ ደግሞ የእጅ ፍሬኑ ራሱ ከካምቢዮው ኋላ፣ ዘንጉ ላይ ነው፤ ዘንጉን ስትፈቱ ፍሬኑም አብሮ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ መሬት በነካው ጎማ ፊትና ኋላ ታኮ ይግባ። ቁልቁለት ላይ ጨርሶ አትሥሩ።

ግቢዬ ኮብልስቶን ነው። ክሪኩ ይንከባለላል?

አይንከባለልም። የካምቢዮ ክሪክ ጎማዎች ትንንሽ ናቸው፤ በድንጋዮቹ መሐል ባለው ክፍተት ይገባሉ። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፖርሳቶ አንጥፉ። ከካምቢዮው ሥር እስከ መውጫው ድረስ አንድ ወጥ ይሁን፤ ሁለት ቁራጭ ከሆነ መጋጠሚያው ላይ ክሪኩ ይነክሳል። ላሜራም ይሆናል፤ ዘይት ከፈሰሰበት ግን ያንሸራትታል። አፈር ግቢም መፍትሔው ያው ነው። አስፋልት ላይ የምትሠሩ ደግሞ ፀሐይ ሲበረታ አስፋልቱ ስለሚለሰልስ ከካቫሌቶው እግር ሥር ጣውላ አድርጉ። ከኮምፖርሳቶው ውፍረት ጋር የመኪናው ቁመት እንደሚቀንስ አትርሱ፤ ከላይ በነበረው ስሌት እያንዳንዷ ሴንቲ ሜትር ትቆጠራለች።

አሜሪካ አፓርታማ ለምትኖሩ፦ ከክሪኩ በፊት የኪራይ ውላችሁን አንብቡ። ፓርኪንግ ውስጥ መኪና መጠገን የሚከለክል ውል ብዙ ነው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲወርድ ምን የተለየ ነገር ላድርግ?

አንደኛ፣ የሥሩ የዘይት ቋት ስስ ቆርቆሮ ነው። ክሪኩ በቀጥታ ካረፈበት ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል፤ ከውስጥ ያለውን ማጣሪያም ሊነካ ይችላል። ሰፋ ያለ ጣውላ ጣልቃ ይግባ።

ሁለተኛ፣ ኮንቨርተሩ። ካምቢዮው አፍ ውስጥ ልቅ ሆኖ ነው የሚቀመጠው፤ ከካምቢዮው ጋር ያያዘው ምንም ብሎን የለም። ካምቢዮው ትንሽ ወደ ፊት ካዘነበለ ተንሸራቶ ይወርዳል፤ ማን ላይ እንደሚወርድ ታውቃላችሁ። ከሞተሩ እንደተላቀቀ አፉ ላይ አንድ ቁራጭ ብረት በብሎን አግድማችሁ እሰሩት። ክሪኩንም ወደ ኋላ በትንሹ አዘንብሉት። ዘይቱን አስቀድማችሁ ብታፈሱም ኮንቨርተሩ ውስጥ ብዙ ይቀራል። ከኋላ ዘንግ ቀዳዳም ይፈሳል፤ ላስቲክ አድርጋችሁ እሰሩት።

ብሎኑን ሁሉ ፈትቻለሁ፤ ካምቢዮው ግን አልላቀቅ አለ። ክሪኩን ከፍ ላድርገው?

አቁሙ! እጀታውን ስትጫኑ መኪናው ከካቫሌቶው ላይ ንቅንቅ ካለ ካምቢዮውን አልፋችሁ መኪናውን ማንሳት ጀምራችኋል። ክሪኩ ሥራው የካምቢዮውን ክብደት መቀበል ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የቀረ ብሎን አለ። አንዱ ከላይ፣ በእጅ ብቻ የሚዳሰስ ቦታ ይደበቃል። ሌላው ከሞተር ማስነሻው ጋር አብሮ የሚገባው ነው። ሁሉም እንደወጣ እርግጠኛ ከሆናችሁ ያቆመው ሁለቱ ማስተካከያ ፒኖች ላይ ያለው ዝገት ይሆናል። ዘይት ንፉበትና በካቻቢቴ ሳይሆን በሰፊ መፈልቀቂያ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ ትንሽ በትንሹ። በአንድ በኩል ብቻ ከሳባችሁት ይነክሳል።

ያገለገለ ክሪክ ልገዛ ነው። እንዴት ልፈትሸው?

አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጫኑበት። 50 ኪሎ ነው፤ ለአነስተኛ ካምቢዮ የሚመጥን ፈተና። ወደ ላይ አንሱትና ቁመቱን ግድግዳ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ ከምልክቱ ከወረደ ውስጡ ያፈሳል። ከዚያ ማውረጃውን በጣም በቀስታ ፍቱት። ጥሩ ክሪክ ከረጢቱን ጭብጥ በጭብጥ ያወርዳል፤ መጥፎው ወይ አይንቀሳቀስም ወይ በአንዴ ይለቀዋል። በአንዴ የሚለቅ ክሪክ በነጻ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ።

ከዚያ ብየዳውን እዩ። ቀለም አዲስ ተቀብቶ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ማዘንበያ ብሎኖቹ በእጅ ይዞራሉ? ጎማዎቹ ይዞራሉ? ዘይቱ ጎድሎ ከሆነ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው የሚጨመረው። የፍሬን ዘይት የጨመረበት ሰው ጎሚኒውን አበላሽቶታል፤ ይህን ነገር አገር ቤት ደጋግሜ አይቻለሁ።

አዲስ አበባ ለምትፈልጉ መርካቶ ሶማሌ ተራና አካባቢው የመለዋወጫ ሰፈር ስለሆነ ከዚያ ብትጀምሩ አትከስሩም። እዚያ ግን ከረጢት ሲሚንቶ ይዛችሁ መሄድ ስለማትችሉ፣ ሻጩ ካልሠራ ለመመለስ ቃል ይግባላችሁ፤ በደረሰኝ።

ሳህኑን ብየዳ ቤት ባሠራውስ?

ጥሩ ሐሳብ ነው። 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ፣ ጠርዙ ላይ አንጎላሬ፣ በአራቱ ማዕዘን የማሰሪያ ቀዳዳ። ከሥሩ የክሪኩ ቀዳዳ ውስጥ ልክ የሚገባ ወፍራም ዘንግ ይበየድለት፤ ዘንጉ ይጥበቅ እንጂ አይወዛወዝ። ሁለት ነገር እንዳይረሳ። ሳህኑ ከክሪኩ ጋር አይበየድ፤ የብየዳው ሙቀት ውስጥ ያለውን ጎሚኒ ያበላሻል፤ ክሪኩም ለሌላ ሥራ አይሆንም። ደግሞም ቁመቱን በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጉት። ብየዳ ቤቶች ጠንካራ ይሁን ብለው ብረት ሲደራርቡ 15 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩባችኋል።

መካኒኮች በደረታቸው ሲያወርዱ አይቻለሁ። እኔ ለምን አልችልም?

ላዳ ወይም አሮጌ ዲኤክስ ማንዋል ካምቢዮ ሁለት ጠንካራ ሰው ያወርደዋል። የሚያስቸግረው መመለሱ ነው። ደረታችሁ ላይ 35 ኪሎ ይዛችሁ፣ የፊት ዘንጉን የዲስኩ ጥርስ ውስጥ ለማስገባት እያዞራችሁ፣ ከላይ ብሎን የሚያስገባ ረዳት እየጠበቃችሁ። እጅ ሲዝል ካምቢዮው በዘንጉ ላይ ይንጠለጠላል። ያኔ አዲሱ የፍሪሲዮን ዲስክ መሐሉ ይጣመማል፤ መኪናው ሲነሳ ይንዘፈዘፋል፤ ካምቢዮውም እንደገና ይወርዳል። አውቶማቲክን በደረት ማውረድ ግን ጭራሽ አይታሰብ።

ስመልሰው ክሪኩ ምን ያግዘኛል?

ጥሩ ክሪክ ገንዘቡን የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ካምቢዮው ሲወጣ ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ካምቢዮው በዚያው ልክ ማዘንበል አለበት። በሞተሩና በካምቢዮው አፍ መሐል ያለውን ክፍተት ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም በጣታችሁ ለኩ። አራቱም እኩል እስኪሆኑ ድረስ የማዘንበያውን ብሎን አስተካክሉ። እኩል ሲሆን ካምቢዮው በእጅ ግፊት ይገባል።

አውቶማቲክ ከሆነ ኮንቨርተሩ እስከ መጨረሻው መግባቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ። እያዞራችሁ ስትገፉት ደረጃ በደረጃ ዱብ፣ ዱብ እያለ ይገባል። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በእጅ ግፊት ካልተገናኘ፣ ክፍተት ከቀረ፣ በብሎን አታስጨንቁት። በብሎን ተስቦ የተዘጋ ክፍተት የካምቢዮውን የዘይት ፓምፕ ሰብሮ ነው የሚዘጋው።

ልግዛ ወይስ ልከራይ?

ለአንድ መኪና፣ ለአንድ ጊዜ ከሆነ ተከራዩ ወይም ተዋሱ። አሜሪካ የመሣሪያ ማከራያ ሱቆች አሉ። አገር ቤት ደግሞ የሰፈር ጋራዥ ሥራ በሌለበት እሑድ በመያዣ የሚሰጥ አይጠፋም። ኪራይ ስትይዙ ግን ሁለት ቀን ያዙ። አንድ ቀን ይበቃኛል ያለ ሰው አመሻሽ ላይ ነው ቮላኖው (የፍሪሲዮን ዲስኩ የሚያርፍበት የሞተሩ ክብ ብረት) መጠረብ እንዳለበት የሚያየው። ሁለት ሦስት መኪና ያለው ቤተሰብ ይግዛ፤ ያገለገለ የካምቢዮ ክሪክ ገዢ አያጣም።

የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ይኼ ሁሉ ለእኔ ያስፈልገኛል?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ በዝቷል። አብዛኞቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች የሚቀያየር ማርሽ ያለው ካምቢዮ የላቸውም። ባለ አንድ ደረጃ ማርሽ ከሞተሩ ጋር አብሮ ነው የተገጠመው። እሱን ማውረድ የክሪክ ጉዳይ አይደለም፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ። ለዚህ የሠለጠነ ሰው ጋ ውሰዱት።